ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስትና የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል

ለበጎ ሥራ ገንዘብ ማሰባሰብ ከባድ ነው፤ ከዚያ ይበልጥ የሚከብደው ግን ሰጪው አንድ ጊዜ ከሰጠ በኋላ ልቡ እንዳይቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። የመከራው ወሬ ትኩስ በሆነ ጊዜ ብዙ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ ወሬው ሲበርድ ግን የማኅበሩ ሣጥን ባዶውን ይቀራል። ለትምህርት ቤት ግንብና ወንበር ከአገሩ ሕዝብ መዋጮ ለመሰብሰብ የደከመ መምህር ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በዚህ ትግል ብዙ ዘመን ጸንተው ከኖሩት ሰዎች መካከል የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት አንዷ ናቸው።

ሚስ ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1882 በሜይ 5 ቀን በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሕግ ዐዋቂ፣ እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ደግሞ ለሴቶች የምርጫ መብት የተነሣው እንቅስቃሴ መሪ ነበሩ። ሚስ ሲልቪያ የተማሩት የሥዕል ጥበብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ብሩሹን ትተው በዚያ ትግል ገቡ፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ታሰሩ፤ በእስር ቤትም ምግብ አንበላም በማለት ሰውነታቸውን ጎዱ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1914 ከእናታቸው ማኅበር ተለዩ፤ የመለያየቱም ምክንያት ሲልቪያ በምሥራቅ ሎንዶን ከሚኖሩት ድኾች ሠራተኞች ጋር መቆምን ስለ መረጡ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የሠራተኛው ቤተ ሰብ ተራበ። ሚስ ሲልቪያ በዚያ ሰፈር ምግብ በዋጋው ብቻ የሚሸጥበት ቤት ከፈቱ፤ ምንም የሌለውም በነጻ ይበላ ነበር። ሥራ ያጡ ሴቶች ደመወዝ የሚያገኙበት የአሻንጉሊት ፋብሪካ አቆሙ፤ አንድ የመጠጥ ቤትም ወደ ሕፃናት ማቆያነትና ወደ እናቶች ሕክምና ቤትነት ለወጡ። ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ የመጣው ችሮታ ከሚያደርጉ ባለጸጎች ቢሆንም ሚስ ሲልቪያ ተቀባዩ እንደ ለማኝ እንዲታይ አልፈቀዱም። ሰጪውና ተቀባዩ በአንድ ጉዳይ ተካፋዮች ናቸው የሚለው አሳባቸው ከዚህ ዘመን ጀምሮ ከእርሳቸው አልተለየም።

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ለሚስ ሲልቪያ ዕለቱ የኀምሳ አራተኛ ዓመት የልደት ቀናቸው ነበረ። በዚያው ሰሞን ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ለአገራቸው ርዳታ ለማግኘት ይደክሙ ነበር፤ ታላላቆቹ መንግሥታት ግን የኢጣልያን ወረራ ወደ ማጽደቁ ያዘነበሉ ነበሩ። ጋዜጣው የሚኖረው በአንባቢዎቹ ክፍያና በወዳጆች ስጦታ ነበር። ሚስ ሲልቪያ ባዛር እያዘጋጁ፣ ደብዳቤ እየጻፉ፣ በየስብሰባው እየተናገሩ የኢትዮጵያ ጉዳይ እንዳይረሳ ተጋደሉ። ገንዘብ የላከ ሰው በየሳምንቱ ስለ ኢትዮጵያ የሆነውን ስለሚያነብ፣ የሰጠው ነገር ወዴት እንደ ደረሰ ሳያውቅ አይቀርም ነበር። ወዳጅነቱን ያጸናው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። ወዳጆቹ የተሰበሰቡበት ጉዳይ በድል ተፈጸመ። አንድ ማኅበር በሽንፈት ብቻ ሳይሆን በድልም ሊበተን ይችላል፤ ሰጪዎቹ የተመኙት ሆኖላቸዋልና ወደየቤታቸው መግባታቸው የሚጠበቅ ነበረ። የእንግሊዝ ሕዝብም ራሱ በጦርነትና በራሽን ተጨንቆ ነበር። ሚስ ሲልቪያ ግን ነጻነት ብቻውን ሐኪምና አስተማሪ እንደማያስገኝ ስለ ተረዱ፣ ለቀድሞው ወዳጅነት አዲስ ሥራ ፈለጉለት።

ሥራውም ከሐዘን ተወለደ። በስደት ዘመን በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ሙያ ተምረው የተመረቁት ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሳለ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ሚስ ሲልቪያም በልዕልቲቱ ስም በአዲስ አበባ ዘመናዊ ሆስፒታል እንዲሠራ አሳብ አቀረቡ፤ የርዳታ ማሰባሰቢያው ኮሚቴ ጸሐፊም ሆነው ሠሩ። ለጋዜጣው የሰጡት ሰዎች አሁን ለሕሙማን አልጋና ለነርሶች ትምህርት እንዲሰጡ ተጠየቁ። ለሰጪው የሚታይ ሕንፃና የሚታወቅ ስም ስለ ቀረበለት ልመናው ባዶ ቃል አልሆነም።

ሚስ ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1944 ኢትዮጵያን ጎበኙ፤ ያዩትንም ለአንባቢዎቻቸው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ይኸውም ሕክምናንና ትምህርትን እንዳልነጣጠሉ ያስረዳል። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ከአሳቡ እስከ ምርቃቱ ወደ ዘጠኝ ዓመት ያህል መፍጀቱን ያስተዋለ፣ የሰውን ልብ በአንድ ጉዳይ ላይ ያን ያህል ጊዜ ማቆየት ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት ሐኪሞች ካተሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን ሥራ የጀመሩት በዚሁ ሆስፒታል ነበረ፤ ኋላ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታልም ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ስሙ ቢለወጥም ሕሙማን መዳናቸው አልቀረም።

ሚስ ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1956 ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር መኖሪያቸውን ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ። በዚያም ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለውን መጽሔት መሠረቱ፤ ለድኾች ርዳታ የሚሰጥ ማኅበር ሲቋቋምም ከደከሙት አንዷ ሆኑ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዐረፉ፤ ወለተ ክርስቶስ ተብለውም በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አርበኞች በሚቀበሩበት ስፍራ ተቀበሩ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያርፉም በዚያው ካቴድራል ተቀበሩ።

ከዚህ ሕይወት ለትምህርት ቤት ሹማምንትና ለመምህራን የሚተርፍ ነገር አለ። ለትምህርት ቤቱ የሰጠ ነጋዴ፣ ገበሬ ወይም በውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪ ሌላ መዋጮ ሲያስፈልግ ብቻ ቢታወስ በሁለተኛው ጊዜ ፊቱን ያዞራል። ገንዘቡ ምን እንደ ሠራ ቢነገረው፣ ክፍሉ ተሠርቶ ሲያልቅ መጻሕፍቱ፣ መጻሕፍቱ ሲሟሉም የመምህሩ ቤት እንደቀረ በእውነት ቢገለጽለት ግን ወዳጅነቱ ይታደሳል። ሚስ ሲልቪያ ባለጸጋ አልነበሩም፤ የነበራቸው ብዕርና ትዕግሥት ነው። በእነዚህም አንድ ሆስፒታል ለማቆም ረዱ።