ካሜራን ለሕዝብ አገልግሎት ያዋሉት ባለሙያ - ዶሮቲያ ላንግ

በአሜሪካ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተቀጥረው ካገለገሉ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች መካከል ወይዘሮ ዶሮቲያ ላንግ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ባለሙያዋ እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ ከመሬታቸው የተፈናቀሉ ገበሬዎችን፣ በ1940ዎቹ ደግሞ በዘራቸው ምክንያት ብቻ ከቤታቸው የተወሰዱ ዜጎችን ኑሮ በካሜራ መዝግበው ለትውልድ አስተላልፈዋል። የመጀመሪያው ሥራቸው መንግሥት ለችግረኞች ፈጥኖ እንዲደርስ ምክንያት ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን እንዲሠሩ ባዘዛቸው መንግሥት ውሳኔ ለዓመታት ከሕዝብ ዕይታ ተሰውሮ ቆይቷል።

ወይዘሮ ዶሮቲያ እ.ኤ.አ ሜይ 26 ቀን 1895 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሆቦከን ከተማ ከጀርመን ዝርያ ቤተሰብ ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው በልጅነት ልምሻ ተይዘው ቀኝ እግራቸው በመጎዳቱ ዕድሜ ልካቸውን ያነክሱ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው ደግሞ አባታቸው ቤተሰቡን ጥለው ሄዱ። ኋላ ላይ የታወቁበት ላንግ የሚለው ስምም የእናታቸው የቤተሰብ ስም ነው።

እናታቸው በኒው ዮርክ ከተማ ስደተኞች በሚበዙበት ሠፈር በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥረው ይሠሩ ስለነበር ልጃቸውም ትምህርቷን በዚያው አካባቢ እንድትከታተል ተደረገ። ታዳጊዋ ድሆችና ቤት አልባ ሰዎች በሚውሉባቸው ጎዳናዎች ብቻዋን በምትመላለስበት ጊዜ የማንንም ትኩረት ሳትስብ ሰውን አስተውሎ የማየት ልማድ አዳበረች። የወደፊቱ ሙያ መሠረት የተጣለው በዚሁ የዕለት ተዕለት መንገድ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ወይዘሮ ዶሮቲያ የፎቶግራፍ ባለሙያ ለመሆን የወሰኑት ገና የራሳቸው ካሜራ ሳይኖራቸው ነው። በኒው ዮርክ በሚገኙ የተለያዩ ፎቶ ቤቶች በረዳትነት ሠርተው፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም በታዋቂው መምህር ክላረንስ ዋይት ሥር ትምህርት ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ በ1918 ከአንዲት ጓደኛቸው ጋር ዓለምን ለመዞር ጉዞ ቢጀምሩም ሳን ፍራንሲስኮ እንደደረሱ ገንዘባቸው በመሰረቁ እዚያው ሥራ ለመፈለግ ተገደዱ። በዓመቱም የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፍተው የከተማዋን ባለጸጎች ምስል በማንሳት ጥሩ ገቢ ለማግኘት በቁ።

የሕይወታቸው አቅጣጫ የተለወጠው በ1929 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሚሊዮኖችን ከሥራ ባፈናቀለበት ወቅት ነው። በፎቶ ቤታቸው መስኮት ወደ ጎዳናው ሲመለከቱ በሚያዩት ሥራ አጥ ሕዝብና በውስጥ በሚያነሱት የባለጸጎች ምስል መካከል ያለው ልዩነት ዕረፍት ነሳቸው። እ.ኤ.አ በ1933 ካሜራቸውን ይዘው ወደ ጎዳናው በመውጣት፣ አንዲት በጎ አድራጊ ለተራቡ ሰዎች ምግብ በምታድልበት ሥፍራ ተሰልፈው ከነበሩት መካከል የአንድን አዛውንት ምስል አነሱ። አሮጌ ባርኔጣ ያደረጉት እኒህ ሰው ጀርባቸውን ለሰልፉ ሰጥተው፣ ባዶ ቆርቆሯቸውን በክንዳቸው መካከል አድርገው አጥር ተደግፈው ይታያሉ። ምስሉ እስከ ዛሬ የዚያ ዘመን መታወቂያ ሆኖ ይገኛል።

በቀጣዩ ዓመት የላንግን ሥራዎች በኤግዚቢሽን የተመለከቱት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኢኮኖሚ ምሁሩ ፕሮፌሰር ፖል ቴይለር፣ የተፈናቃይ ገበሬዎችን ሁኔታ ለግዛቲቱ የዕርዳታ መሥሪያ ቤት በሚያጠኑበት ጊዜ ባለሙያዋ አብረዋቸው እንዲሠሩ ጋበዙ። ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤቱ ለፎቶግራፍ ባለሙያ የተፈቀደ የሥራ መደብም ሆነ በጀት ስላልነበረው፣ ወይዘሮ ላንግ በታይፒስትነት መደብ ተመዝግበው እንዲቀጠሩ ተደረገ። በአሜሪካ የፎቶግራፍ ታሪክ ከፍተኛ ሥፍራ የያዘው አገልግሎት በዚህ ዓይነት የደመወዝ መዝገብ ላይ የተጀመረ መሆኑ ትኩረት የሚስብ ነው።

ጽሑፍና ምስል ጎን ለጎን የቀረቡባቸው ሪፖርቶች ውጤት ለማምጣት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በሜሪስቪልና በአርቪን ለተፈናቃይ የእርሻ ሠራተኞች ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ያላቸው የመጠለያ ሠፈሮች እንዲሠሩ አግዘዋል። ወይዘሮ ላንግም በዚያው በ1935 በሮይ ስትራይከር ይመራ በነበረው የፌዴራል መንግሥት የፎቶግራፍ ክፍል ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ትዳራቸውን ከሠዓሊው ሜናርድ ዲክሰን ጋር አፍርሰው ከፕሮፌሰር ቴይለር ጋር ጋብቻ የመሠረቱትም በዚሁ ዓመት መጨረሻ ነው።

የባለሙያዋ የመስክ አሠራር ከብዙዎቹ የሙያ አጋሮቻቸው የተለየ ነበር። ከባድ ካሜራቸውን ተሸክመው እያነከሱ ቀስ ብለው ወደ ሰዎቹ ይጠጋሉ፤ የሚጠጣ ውኃ ለምነው ጊዜ ወስደው ይጠጣሉ፤ ልጆች ካሜራውን በእጃቸው እንዲነኩ ይፈቅዳሉ። ጉዳታቸው ችግር ላይ ያለ ሰው በቀላሉ እንዲቀርባቸው እንደረዳቸው ያምኑ ነበር። ምስል ካነሱ በኋላ ወደ መኪናቸው ተመልሰው፣ ሰዎቹ ከየት እንደመጡ፣ የቀን ገቢያቸው ምን ያህል እንደሆነና የተናገሩትን ቃል ሳይዘነጋ በማስታወሻቸው ያሰፍራሉ። ምስል ያለ መረጃ ጎዶሎ እንደሆነ የነበራቸው እምነት ጽኑ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ሥራቸው የተገኘው እ.ኤ.አ በማርች 1936 ነው። ለአንድ ወር ያህል የቆየ የመስክ ሥራ አጠናቀው በዝናብ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ፣ በካሊፎርኒያ ኒፖሞ አካባቢ የአተር ለቃሚዎችን ሠፈር የሚያመለክት ጽሑፍ መንገድ ዳር ተመለከቱ። ድካም ስለተጫናቸው አልፈው ቢሄዱም ሐሳቡ ሊተዋቸው ባለመቻሉ፣ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ መኪናቸውን አዙረው ተመለሱ። በሠፈሩ ውርጭ አዝመራውን ስላጠፋው ለቃሚዎቹ ያለ ሥራና ያለ ምግብ ቀርተው ነበር። በአንድ የሸራ መጠለያ ሥር ከልጆቿ ጋር የተቀመጠችን የ32 ዓመት እናት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ደጋግመው አነሱ። ሁለት ልጆቿ ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋን ተደግፈው፣ እርሷም እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አሻግራ ስትመለከት የሚያሳየው ምስል በመላው ዓለም ታወቀ።

ባለሙያዋ ምስሎቹን ወዲያውኑ ለአንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣና ለመሥሪያ ቤታቸው አሳወቁ። ዜናው እንደተሰራጨም የፌዴራል መንግሥት ወደ 90 ኩንታል የሚጠጋ ምግብ ወደ ሠፈሩ ላከ። ይሁንና ዕርዳታው ሲደርስ እናቲቱና ቤተሰቧ ሥራ ፍለጋ ሌላ ቦታ ሄደው ነበር።

በዚያች ዕለት በጥድፊያ የተሠራው ምዝገባ ጉድለት እንደነበረበትም መጥቀስ ያስፈልጋል። ወይዘሮ ላንግ የእናቲቱን ስም አልጠየቁም። ቤተሰቡ ምግብ ለመግዛት የመኪናውን ጎማ ሸጧል ተብሎ የተመዘገበውም ስሕተት መሆኑን ልጆቿ በኋላ ተናግረዋል። እናቲቱ ማንነቷ በ1978 ሲታወቅ፣ ምስሏ ዓለምን ሲያዳርስ እርሷ ምንም እንዳልተጠቀመች በቅሬታ ገልጻለች። ፎቶግራፉ የመንግሥት ንብረት በመሆኑ ላንግም ከሽያጩ ድርሻ አላገኙበትም።

ይህ አገልግሎት በግል ሕይወታቸውም ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ለመስክ ሥራ ሲወጡ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ለሌሎች ቤተሰቦች በአደራ ይሰጡ ስለነበር ልጆቹ በመለየቱ ተጎድተዋል። በመሥሪያ ቤቱም የበጀት ቅነሳ በመጣ ቁጥር ከሥራ ይሰናበቱና እንደገና ይቀጠሩ ነበር። ያም ሆኖ በ1939 ከባለቤታቸው ጋር ስለ ተፈናቃዮቹ የሚያስረዳ መጽሐፍ ለኅትመት አብቅተዋል።

እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 1942 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በፈረሙት ትዕዛዝ መሠረት ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች፣ በማቆያ ሠፈሮች እንዲገቡ ተደረገ። አፈጻጸሙን እንዲመዘግቡ በመንግሥት የተመደቡት ወይዘሮ ላንግ እርምጃውን ይቃወሙ ነበር። ሆኖም ኃላፊነቱን ተቀብለው ለወራት ያለ ዕረፍት ሠሩ። የሽቦ አጥርና የጥበቃ ማማ እንዳያነሱ ስለተከለከሉ ካሜራቸውን ወደ ሰዎቹ አዞሩ። በትምህርት ቤት ግቢ ለባንዲራ ክብር የሚሰጡ ሕፃናትን፣ በልብሳቸው ላይ ቁጥር ተንጠልጥሎባቸው ጓዛቸውን ይዘው አውቶቡስ የሚጠብቁ ቤተሰቦችን፣ በማንዛናር ሠፈር በአቧራ ውስጥ የሚኖሩ አዛውንቶችን አነሱ። ሠራዊቱ ሥራዎቹን ሲመለከት እንዳይወጡ አገደ፤ በአንዳንዶቹም ላይ መታገዳቸውን የሚገልጽ ቃል ተጻፈ። ይሁን እንጂ ሰነዶቹ ስላልተወገዱ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠው ቆዩ።

ከጦርነቱ በኋላ በጨጓራ ሕመም ለረጅም ጊዜ የተሰቃዩት ባለሙያ፣ ጤንነታቸው በፈቀደላቸው መጠን ከመሥራት አልተቆጠቡም። በ1952 አፐርቸር የተሰኘውን የፎቶግራፍ መጽሔት ከመሠረቱት አንዷ ሲሆኑ፣ ከባለቤታቸው ጋር ወደ እስያና ግብፅ ተጉዘዋል። ርቀው ለመሄድ አቅም ሲያንሳቸው በበርክሌይ ግቢያቸው ያሉትን ዛፎችና በባሕር ዳር ጎጇቸው የሚሰበሰቡትን የልጅ ልጆቻቸውን ያነሱ ነበር። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚቀርበውን የሕይወት ዘመን ሥራቸውን ኤግዚቢሽን እያዘጋጁ ሳለ፣ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 11 ቀን 1965 በካንሰር በሽታ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ካረፉ ከሦስት ወራት በኋላ ነው።

የታገዱት ምስሎች በ1972 በቀረበ ኤግዚቢሽን ለብዙ ሕዝብ ታዩ። በ1988 የአሜሪካ መንግሥት ድርጊቱ ስሕተት መሆኑን በሕግ አምኖ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ በሕይወት ለተገኙ ተጎጂዎች ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር እንዲከፈል ወስኗል። ወይዘሮ ላንግ ይህን ቀን ለማየት ባይታደሉም፣ በታማኝነት ያዘጋጁት መዝገብ ግን ሳይጠፋ ጠብቆታል። በሥራ ላይ ሳሉ ያዩትን እንዳዩት መዝግቦ ማስቀመጥ፣ ፍሬው ዘግይቶ ቢደርስም፣ ለሕዝብ የሚሰጥ ትልቅ አገልግሎት መሆኑን የባለሙያዋ ሕይወት ያስረዳል።