ፕሬዚዳንቱን ያስማሉት የዳላስ ዳኛ

የዳላስ ልጆች ሆነን ላቭ ፊልድን ያልረገጥን ጥቂቶች ነን። እኔ ዘመድ ለመቀበል ስንት ጊዜ እንደሄድኩ አላስታውስም። ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ ኖቬምበር 22 ቀን 1963) እዚያ ቆሞ በነበረ አውሮፕላን ውስጥ አንዲት ሴት ዳኛ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት አስምለዋል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ፕሬዚዳንት ያስማለች ሌላ ሴት የለችም። ዳኛዋ ሳራ ሂዩዝ ይባላሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሳራ በ1896 በባልቲሞር ከተማ ተወለዱ። ኮሌጅ ከጨረሱ በኋላ ሳይንስ አስተማሩ፤ ከዚያም ሕግ ለመማር ዋሽንግተን ገቡ። ቀን በፖሊስነት እየሠሩ ማታ ይማሩ ነበር። ያኔ የሚኖሩት በፖቶማክ ወንዝ ዳር በድንኳን ነበር፤ ወንዙንም በታንኳ ይሻገሩ ነበር። ሥራና ትምህርት አንድ ላይ ለምንጎትት ተማሪዎች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

በ1922 ከተመረቁ በኋላ የክፍል ጓደኛቸው ከነበሩት ከባለቤታቸው ከጆርጅ ሂዩዝ ጋር ወደ ዳላስ መጡ። ሴት ጠበቃ የሚቀጥር አልተገኘም። በመጨረሻ አንድ የጠበቆች ቢሮ እንግዳ እየተቀበሉ እንዲያገለግሉት፣ በምላሹም ያለ ኪራይ ክፍል ሊሰጣቸው ተስማማ። ከዚህ ተነሥተው በ1930 ለቴክሳስ ምክር ቤት ተመረጡ።

በ1935 አገረ ገዢው ጄምስ ኦልሬድ የዳላስ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። በቴክሳስ ይህን ወንበር የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። አንድ የክልሉ ሴናተር ግን የባለትዳር ሴት ቦታ ቤቷ ነው፣ ሳህን ትጠብ ሲል ተቃወመ። ሹመቱ ቢጸድቅም ሌላ ግድግዳ ነበር፤ በቴክሳስ ሴቶች እስከ 1954 ድረስ ጁሪ ሆነው መቀመጥ አይችሉም ነበር። ዳኛዋ ራሳቸው ፍርድ ቤቱን ይመራሉ፣ ከፊታቸው የሚቀመጡት ጁሪዎች ግን ወንዶች ብቻ ናቸው። ሕጉ እንዲቀየር ለዓመታት ታገሉ፤ ተቀየረም።

በ1961 ለፌዴራል ዳኝነት ሲታጩ ደግሞ ዕድሜያቸው አልፏል ተባለ። 65 ዓመታቸው ነበር። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሊንደን ጆንሰን ገፉበትና ኬኔዲ ሾሟቸው።

ሁለት ዓመት አለፈ። ኬኔዲ በተገደሉበት ቀን ዳኛ ሂዩዝ ፕሬዚዳንቱን ለምሳ ከሚጠብቁት እንግዶች መካከል ነበሩ። መርዶውን ሰምተው ቤታቸው እንደገቡ ጆንሰን እንደሚፈልጓቸው ተነገራቸው። ራሳቸው መኪናቸውን እየነዱ ወደ ላቭ ፊልድ ሄዱ። የመሐላው ቃል ከዋሽንግተን በስልክ ተነግሮ በታይፕ ተጻፈ። መጽሐፍ ቅዱስ ተብሎ የተሰጣቸው መጽሐፍ የካቶሊክ ጸሎት መጽሐፍ ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ፣ ወይዘሮ ኬኔዲ ደም በነካው ልብሳቸው አጠገብ ቆመው፣ ዳኛዋ ጆንሰንን አስማሉ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ በተፈጸመው ቀብር ላይ ከተገኙት መሪዎች አንዱ የእኛው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

በዚያ ዘመን አገራችን ሰው በንጉሡ ስም ይምል ነበር። ጆንሰን የማሉት ግን ለሰው ሳይሆን ሕገ መንግሥቱን ለመጠበቅ ነው። ንግግር፣ ሰልፍ፣ ሌላው ቀርቶ ትክክለኛው መጽሐፍ እንኳ ባይኖር መሐላው አልጎደለም። ቃሉ ነበር፣ የሚቀበለው ዳኛም ነበር። እኛም አገር የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 ርዕሰ ብሔሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚምልበትን ቃል ያስቀምጣል። በ2021 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ያስማሉት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ ሴት ዳኛ።

እኔን ግን ከአውሮፕላኑ ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዳኛ ሂዩዝ ወደ ችሎታቸው ተመለሱ። በ1970 የውርጃን ሕግ በተመለከተው የሮ ጉዳይ ከፈረዱት ሦስት የዳላስ ዳኞች አንዷ ነበሩ። በ1972 የዳላስ ካውንቲ እስር ቤት የእስረኞችን አያያዝ እንዲያሻሽል ያዘዙትም እሳቸው ናቸው። እስረኛ ለዳኛ ውለታ አይመልስም። በ1985 እዚሁ ዳላስ አረፉ።

ብዙዎቻችን ወላጆቻችን ዜግነት ሲቀበሉ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ሲምሉ አይተናል። እኔም ስመረቅ የነርሶችን ቃል ኪዳን እገባለሁ። በናይቲንጌል ስም ይጠራ እንጂ በ1893 በዲትሮይት የተጻፈ ነው። ያን ቀን ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ፎቶ ይነሣል። ቃሉ የሚፈተነው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ጠያቂ ዘመድ የሌለው በሽተኛ ደወል ሲደውል። ዳኛ ሂዩዝ ለእስረኞቹ እንዳደረጉት፣ እኔም ተነሥቼ ልሄድለት ይገባል።