ለሐጃጁ ማረፊያ ያሰቡት አባ ጅፋር



ሰበታን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ጅማ ያደርሳል። ጅማን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ዑለማን አስጠግተው አኖሩ፤ ደረሳ የሚቀራበት አገር አደረጓት። ሐጅ የወራት መንገድ በነበረበት ዘመን፣ መካ የሚደርስ የጅማ ሰው በማደሪያ እንዳይቸገር እዚያው ማረፊያ ቤት አዘጋጁለት።

ሀብታቸው ሁሉ ንጹሕ ነበር አንልም፤ በዘመናቸው በጅማ ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ሒሳቡ አላህ ዘንድ ነው።

ጂሬን ላይ ያለውን ቤተ መንግሥታቸውን ዛሬ ጎብኚ ያየዋል። የሚጠቅማቸው ግን ለእንግዳ ያሰቡት ማረፊያ ነው፤ ሰደቀቱል ጃሪያ ማለት ይኸው ነው።

ለዚህ ንጉሥ መሆን አያሻም። በየሰፈራችን መስጂድ የሚያድር ደረሳ አለ፤ የዛሬ እራቱን እንቻለው።

ጁምዓ ሙባረክ!