ረቢ ሰሎሞን የይስሐቅ ልጅና የኦሪት ዘመን ቍጥር

ኦሪትን አስተውሎ የሚያነብ ሰው የዓመቱና የወሩ ቍጥር አልገጥም ብሎት የሚቆምበት ስፍራ አያጣም። ከአይሁድ መምህራን ወገን ስለዚህ ነገር እጅግ ከደከሙት አንዱ ረቢ ሰሎሞን የይስሐቅ ልጅ፥ በአጭር ስሙ ራሺ የተባለው ነው። ስለዚህ ታሪኩን ለአሶሳ ደብራችን ካህናትና ምእመናን በአጭሩ እንጽፋለን።

ረቢ ሰሎሞን በፈረንሳይ አገር በትርዋ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1040 ዓ.ም. ተወለደ። በጐልማስነቱ ወደ ጀርመን አገር ተሻግሮ በማይንጽና በዎርምስ ጉባኤ ቤቶች ተማረ። ወደ አገሩም ተመልሶ ወንበር ዘርግቶ አስተማረ፤ ኦሪትንና የታልሙድን አብዛኛውን ክፍል ተረጐመ። ልማዱም የእኛን የአንድምታ መምህራን ይመስላል፤ ንባቡን አስቀድሞ ምሥጢሩን ያስከትላል።

ኦሪት ዘፍጥረት የአብርሃም ዘር 400 ዓመት በስደት እንዲኖር ይናገራል፤ ኦሪት ዘፀአት ግን 430 ይላል። ረቢ ሰሎሞንም የቀደሙትን መምህራን ተከትሎ ዕድሜን በዕድሜ ላይ ደመረ። ወደ ግብጽ ከወረዱት አንዱ ቀዓት 133 ዓመት፥ ልጁ እንበረም 137 ዓመት ኖሩ፤ ሙሴም በፀአት ጊዜ የ80 ዓመት ሰው ነበረ። ሁሉ ቢደመር 350 እንጂ 400 አይሞላም። ስለዚህ 400ው ከይስሐቅ ልደት፥ 430ውም ለአብርሃም ኪዳን ከተሰጠበት ቀን ይቈጠራል፤ በግብጽ የተቀመጡት 210 ዓመት ነው አለ። ሰባው ሊቃናትም በዚያው ስፍራ የከነዓንን ምድር ከግብጽ ጋራ ጨምረው ተርጕመዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ 430ውን ከተስፋው እስከ ሕጉ አድርጎ ቈጥሯል።

ኦሪት ዘኍልቍ ደግሞ በሁለተኛው ወር ነገር ይጀምርና በ9ኛው ምዕራፍ ወደ መጀመሪያው ወር ፋሲካ ይመለሳል። መጽሐፍ ሁልጊዜ በዘመን ተራ እንደማይሄድ ረቢ ሰሎሞን ከዚህ ያስተምራል። እስራኤል 40 ዓመት በምድረ በዳ ሲኖሩ ከዚህ ፋሲካ በቀር አላደረጉምና፥ ነውራቸው በመጽሐፉ ራስ ላይ እንዳይቆም ወደ ኋላ ተጻፈ ይላል። የንስሓን ልጅ ገመና የሚሸፍን ካህን ይህን ትርጓሜ ያደንቀዋል።

ምሥጢሩ ባልተገለጠለት ስፍራም አላውቅም ብሎ ለመጻፍ አላፈረም።

በ1096 ዓ.ም. የመስቀል ዘማቾች ነን ያሉ ሰዎች በተማረባቸው በዎርምስና በማይንጽ የነበሩትን አይሁድ ፈጁ፤ ክርስቲያን ሁሉ ሊያዝንበት የሚገባ ግፍ ነው። እርሱም በ1105 ዓ.ም. ዐረፈ፤ የሴቶች ልጆቹ ልጆች ትምህርቱን ወርሰው ታላላቅ መምህራን ሆኑ።

በአገራችን በአሶሳ ክርስቲያኑ በዓመተ ምሕረት፥ እስላሙ ጎረቤቱ በሂጅራ ይቈጥራል። ቍጥሩ የተለያየው መነሻው ስለ ተለያየ ነው እንጂ የሚኖሩበት ቀን አንድ ነው። እንግዲህ ልጆቻችን ስለ ኦሪት ቍጥር ሲጠይቁን በቍጣ ዝም አናሰኛቸው፤ ከወዴት ጀምሮ እንደ ተቈጠረ መርምረን እናስረዳቸው፤ ያላወቅነውንም አላወቅንም እንበላቸው።