የሸማኔው ልጅ ሸማኔዎችን ያስደነገጠበት ማሽን

ኤአይ ሥራችንን ሊቀማን ነው የሚለው ወሬ ስልካችንን ሞልቶታል። ጭንቀቱ ግን አዲስ አይደለም። የዛሬ 200 ዓመት ገደማ የፈረንሳይ ሸማኔዎችም ይሄንኑ ፈርተው ነበር። ያስፈራቸው ሰው ደግሞ የራሳቸው ወገን ነው።

ጆሴፍ ማሪ ዣካርድ እ.ኤ.አ. በ1752 በሐር ሥራ በታወቀችው ሊዮን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሸማኔ ነበር።

ያኔ ባለ ጥለት ሐር መሥራት ከባድ ነበር። ሸማኔው ማጉን ሲወረውር ረዳቱ፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ የድር ክሮቹን የሚያነሱ ገመዶች በቅደም ተከተል ይስባል። ገመዱ ከተሳሳተ ጥለቱ ተበላሸ ማለት ነው።

ዣካርድ ከሱ በፊት የነበሩት ቡሾን፣ ፋልኮንና ቮካንሰን የጀመሩትን አዋህዶ በ1804 ማሽኑን ሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጥለቱ በተበሱ ካርዶች ላይ ይቀመጣል። ቀዳዳ ባለበት ክሩ ይነሳል፣ ከሌለ ባለበት ይቀራል። ካርዱን የያዘ ሁሉ ያንኑ ጥለት ደጋግሞ መሥራት ይችላል።

በ1805 ናፖሊዮን ማሽኑ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን አደረገ፤ ለዣካርድም ጡረታ ተቆረጠለት። ሸማኔዎቹ ግን እንጀራችን ሊዘጋ ነው ብለው ተቃወሙ።

ፍርሃታቸው በከፊል እውነት ሆነ። የገመድ ሳቢው ሥራ ቀረ። በሌላ በኩል ጥለቱን በካሬ ወረቀት ላይ የሚነድፉና ካርድ የሚበሱ ሰዎች ተፈለጉ። ማሽኑም መጀመሪያ ላይ ጉድለት ስለነበረበት ያሻሻሉት ሌሎች መካኒኮች ናቸው።

በ1831 የሊዮን ሸማኔዎች አመፁ። ይሄኛው አመፅ ከማሽኑ ጋር አልነበረም። የተስማሙበትን የክፍያ ተመን አናከብርም ካሉ ነጋዴዎች ጋር ነበር። ጥለቱ ካርድ ላይ ወጥቷል፣ ጨርቁም ይሸጣል፤ የሸማኔው ድርሻ ስንት ነው? ጠቡ እዚህ ላይ ነበር።

ዣካርድ በ1834 ሞተ። የካርዱ ሐሳብ ግን ወደ እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ የስሌት ማሽን ንድፍ ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ ኮምፒውተር።

ዛሬም ቢሮ ውስጥ ሠራተኛው ለዓመታት ያካበተውን እውቀት ለኤአይ እንዲያስገባ ይጠየቃል። ማሽኑ ይማራል፣ ሥራውም ይፈጥናል። የሊዮን ሸማኔዎች ጥያቄ ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ ትርፉ ሲመጣ ያስተማረው ሰው ምን ይደርሰዋል?

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ እንወያይ።