አቡነ አረጋዊና የደብረ ዳሞ ገመድ



ወደ ደብረ ዳሞ የሚሄድ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ጎሕ ሳይቀድ መንገድ መጀመር አለበት። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ድንጋዩ ይግላል፣ አቀበቱም ጕልበት ይፈታል። እኛም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ገዳሙን ለመሳለም በሄድን ጊዜ መንገዱን የሚያውቅ አንድ የአካባቢው ልጅ ከፊት ከፊታችን እየሄደ በጨለማ መራን። ሰማዩ ሲገረጣ አምባው ከሩቅ ታየ። ዙሪያውን ገደል ነው፤ አናቱ ግን እንደ ገበታ ተደልድሏል። ከሥሩ ስንደርስ መንገዱ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ገደልና በላዩ የተንጠለጠለ ከጠፍር የተገመደ ገመድ ብቻ ነው።

እዚያ ላይ ጕዞአችን ለሁለት ተከፈለ። በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደ አምባው አይወጡምና እኅቶቻችን ከገደሉ ሥር ቀሩ። መንገዱን ሁሉ መዝሙር እያወጣች ያበረታችን የነበረች አንዲት እኅታችን ወደ ላይ አሻቅባ ካየች በኋላ፣ ሽማግሌውና ሕመምተኛው እንኳ እንዲወጣ ለምን ደረጃ እንዳልተሠራ፣ ከታች የሚቀሩትስ ከዚህ ቅዱስ ቦታ ምን እንደሚያገኙ ጠየቀች። ከመካከላችን መልስ የሰጣት አልነበረም። እኔም ገመዱን ይዤ ወጣሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። ከተመለስን በኋላ የአቡነ አረጋዊን ሕይወት እንደ ገና ሳነብ ግን ጥያቄዋ አብሮኝ ነበር። የአባታችንን ታሪክ በዚህ ጽሑፍ ማቅረቤም ስለዚሁ ነው።

ትውልዳቸውና ምናኔያቸው

የአቡነ አረጋዊ የቀድሞ ስማቸው ዘሚካኤል ነው። ገድላቸው እንደሚነግረን አባታቸው ይስሐቅ፣ እናታቸው እድና ይባላሉ። ቤታቸውም የነገሥታት ቤት ነበረ። የተወለዱበት አገር ሮም ይባላል። የጥንት ጸሐፊዎቻችን ሮም ሲሉ ግን የዛሬዋን የጣልያን ከተማ ብቻ ማለታቸው እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል፤ ቍስጥንጥንያንና ሶርያን ጨምሮ ምሥራቁን የሮም መንግሥት ግዛት ሁሉ በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ዘሚካኤል 14 ዓመት ሲሆናቸው ወላጆቻቸው በአገሩ ልማድ ሊያጋቧቸው አሰቡ። እርሳቸው ግን የቤተ መንግሥቱን ምቾትና የታጨችላቸውን ሙሽራ ትተው ወደ ግብፅ ወረዱ፣ የአባ ጳኩሚስን የምንኵስና ሥርዓትም ተቀበሉ። ይህ ሥርዓት ምን እንደሆነ ማወቅ የኋላውን ታሪክ ለመረዳት ይጠቅማል። ከአባ ጳኩሚስ በፊት የነበሩት መናንያን አብዛኛዎቹ እንደ አባ እንጦንስ በየዋሻውና በየበረሃው ለብቻ የሚኖሩ ነበሩ። አባ ጳኩሚስ ግን በ4ኛው መቶ ዓመት መነኮሳትን በአንድ ቅጥር ሰበሰቡ። በአንድ ማዕድ እንዲበሉ፣ በአንድ ሰዓት እንዲጸልዩ፣ በእጃቸው ሠርተው እንዲኖሩ፣ ለአበምኔት እንዲታዘዙ ሥርዓት ሠሩላቸው። ስለዚህ ዘሚካኤል በወጣትነታቸው የተማሩት ከወንድም ጋር መጽደቅን ነው። በዕድሜ ገና ልጅ ሳሉ በጥበባቸውና በአስተዋይነታቸው እንደ ሽማግሌ ስለታዩ አረጋዊ ተባሉ። በግእዝ አረጋዊ ማለት ሽማግሌ ማለት ነውና።

ወደ ኢትዮጵያ አመጣጣቸው

በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም፣ አልዓሜዳ በአክሱም ነግሦ ሳለ፣ ዘጠኝ መነኮሳት ከሮም መንግሥት ግዛት ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እነርሱም አባ አረጋዊ፣ አባ ጰንጠሌዎን፣ አባ ገሪማ፣ አባ አፍጼ፣ አባ ጉባ፣ አባ አሌፍ፣ አባ ይምአታ፣ አባ ሊቃኖስና አባ ጽሕማ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ተስዓቱ ቅዱሳን ብላ ታከብራቸዋለች። ክርስትና ከዚያ በፊት በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ ነበር። ወደ ገጠሩና ወደ ተራራው እንዲዘልቅ ከደከሙት ግን ግንባር ቀደሞቹ እነዚህ አባቶች ናቸው።

ዘጠኙ እንደ መጡ ወዲያው ለማስተማር አልተሰማሩም። ትውፊቱ እንደሚለው 12 ዓመት በአክሱም ተቀምጠው ቋንቋውንና የሕዝቡን ልማድ ተማሩ፣ መጻሕፍትንም ወደ ግእዝ በመተርጐም ደከሙ። የንጉሥ ልጅ የነበሩት አባ አረጋዊ እንደ ተማሪ ከፊደል ጀመሩ ማለት ነው። እኛ ዛሬ አንድ ኮርስ ወስደን ለማስተማር የምንቸኩለው ይህን ብናስብ መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ ተለያዩ። አባ ጰንጠሌዎን ከአክሱም አጠገብ ወዳለው ኮረብታ፣ አባ ገሪማ ወደ መደራ፣ አባ አፍጼ ወደ የሐ፣ አባ ይምአታ ወደ ገርዓልታ ሄዱ። አባ ይምአታ በስማቸው የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን እንደ ዓምድ በቆመ ዐለት ከፍታ ላይ የተፈለፈለ ነው፤ ወደ እርሱ የሚወጣ ምዕመንም እስከ ዛሬ በባዶ እግሩ ገደሉን ይቧጥጣል። አባ አረጋዊ ደግሞ ከደቀ መዝሙራቸው ከማትያስና ከእናታቸው ጋር ወደ ምሥራቅ ተጕዘው ዛሬ ደብረ ዳሞ ከምንለው አምባ ሥር ደረሱ።

ወደ አምባው አወጣጣቸው

አባ አረጋዊ አምባውን ባዩ ጊዜ ለጸሎትና ለጽሞና የተዘጋጀ ቦታ እንደሆነ ተረዱ። ነገር ግን መውጫ አልነበረውም። ዙሪያውን ቢዞሩም እግር የሚያሳርፍ ቦታ አጡ። ገድሉ እንደሚተርክልን እግዚአብሔር በአምባው ላይ ይኖር የነበረውን ታላቅ ዘንዶ አዘዘላቸው። ዘንዶው ከላይ ተንጠልጥሎ ጻድቁን ጠምጥሞ አወጣቸው፣ እንዳይጐዳቸውም ቅዱስ ሚካኤል የእሳት ሰይፍ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። ከላይ በደረሱ ጊዜ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አምላካቸውን ማመስገን ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕል ላይ በዘንዶው ተይዘው የምናያቸው ሽበታም አባት እርሳቸው ናቸው።

ገድሉ የተጻፈው ከእርሳቸው ዘመን ብዙ ዘግይቶ ነው። የታሪክ ተማሪ የሆነ ሰውም ስለ ዘመኑና ስለ አንዳንዱ ዝርዝር ሊመረምር ይችላል። ይሁን እንጂ ከታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር ጐልቶ ይታያል። አቡነ አረጋዊ በራሳቸው ኀይል አልወጡም፤ ከላይ በወረደላቸው ተይዘው ወጡ። ሰው የሚፈራው ፍጡር ለእርሳቸው ገመድ ሆነላቸው።

ንጉሡና መወጣጫው

ከዐፄ ካሌብ በኋላ የነገሡት ልጃቸው ዐፄ ገብረ መስቀል ጻድቁን ይወዱ ነበርና፣ ቅዱስ ያሬድን አስከትለው ወደ ደብረ ዳሞ መጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑንም አሠሩ ይባላል። ድንጋይና እንጨት ወደ ላይ ለማድረስ የግድ መንገድ ያስፈልግ ነበርና ትልቅ መወጣጫ ተሠራ። ሠራተኛው ወጣ፣ ወረደ፤ ሥራውም ተፈጸመ። ንጉሡ መወጣጫውን ለመታሰቢያ እንዲቈይ ሊተዉት ሲያስቡ አቡነ አረጋዊ እንዲያፈርሱት ነገሯቸው። ንጉሡም አፈረሱት። የቦታው ስም ዳሞ የተባለውም አፍርሰው ከሚለው የግእዝ ቃል ከዳሕምሞ መጥቶ ነው የሚል ትውፊት አለ። መወጣጫው በፈረሰበትም ገመድ ተተካ።

የእኅታችን ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የተሠራ ደረጃ ማፍረስ ምን ጥቅም አለው? ደረጃ ላይ ሰው ብቻውን ይወጣል። ወታደርም፣ ነጋዴም፣ ወሬ ፈላጊም ማንንም ሳይጠይቅ ይወጣል። በገመድ ግን ብቻውን የሚወጣ የለም። አንዱን ገመድ ጨብጦ ሲወጣ ሌላ ጠፍር በወገቡ ይታሰራል፣ ከላይም መነኵሴው ይስበዋል። መነኵሴው ካልሳበው አይወጣም፤ ወጪውም እግሩን ከዐለቱ ጋር ካልታገለ ጠፍሩ ብቻ አያወጣውም። እኔ በበኩሌ በመካከሉ እጄ ዝሎ ልለቅ በደረስኩ ጊዜ ወገቤ ላይ ያለው ጠፍር ጠበቅ ሲል ተሰማኝ። ፊታቸውን ያላየሁት አንድ አባት ይዘውኛል። የአባ ጳኩሚስ ደቀ መዝሙር ለልጆቻቸው የተዉት መንገድ እንዲህ ያለ ነው። መውጣትን አልከለከሉም፤ ብቻ መውጣትን አስቀሩ።

እናታቸው እድና

ከታች የሚቀሩትስ? የዚህ መልስ በጻድቁ እናት ሕይወት ውስጥ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

እድና ልጃቸው ከቤት ሲወጣ ሙሽራ ሊድሩ ተዘጋጅተው የነበሩ እናት ናቸው። በኋላ ልጃቸው በኢትዮጵያ መኖሩን ሲሰሙ ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ አቋርጠው መጡ። ከዚያም ልጃቸው እርሳቸው ወደማይወጡበት አምባ ወጣ። እናት ለዚህ ነውን የመጣሁት ብላ ልታዝን፣ ልትመለስም ትችል ነበር። እድና ግን አልተመለሱም። መንኵሰው በአምባው ግርጌ ተቀመጡ፣ ሌሎች ሴቶችም ተከትለዋቸው የሴቶች ገዳም ሆነ።

እንግዲህ ደብረ ዳሞ ከመጀመሪያው አንሥቶ ላይና ታች ሆኖ አንድ ገዳም ነበረ ማለት ነው። ከላይ ያለው ልጅ ይጸልያል፣ ከታች ያለችው እናት ትጸልያለች። ከገደሉ ሥር መቆም ከደጅ መመለስ ቢሆን ኖሮ እድና ቅድስት ባልተባሉም ነበር። እኅታችን ያን ማለዳ የቆመችው እድና በቆሙበት አገር ነው። ይህን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ከመውጣቴ በፊት እነግራት ነበር።

ከአምባው የወረደው ፍሬ

አቡነ አረጋዊ መነኮሳቱን በሥርዓት አጽንተው ከኖሩ በኋላ ጥቅምት 14 ቀን ተሰወሩ። ቤተ ክርስቲያናችንም በየዓመቱ በዚሁ ቀን በዓላቸውን ታከብራለች። ከመሰወራቸው በኋላ ግን ገመዱ ሥራውን አላቋረጠም። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ደብረ ዳሞ ወጥተው ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተማሩ፣ ወርደውም በሐይቅ እስጢፋኖስ ብዙ ሊቃውንት ያፈራውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በሐይቅ ከተማሩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። ሲወርዱ ገመዱ ተቈርጦ ክንፍ የተሰጣቸው እዚያ እንደሆነ ገድላቸው ይተርካል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ዐፄ ልብነ ድንግል በ1533 ዓ.ም. በዚያው በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ንግሥት ሰብለ ወንጌልም ፖርቱጋሎች እስኪደርሱ ድረስ የተጠጉት ወደዚሁ አምባ ነበር። መወጣጫው ባይፈርስ ኖሮ አምባው መጠጊያ መሆን ይችል ነበርን?

ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ በአክሱም ዘመን ስልት የታነጸ ሲሆን፣ በአገራችን ካሉት እጅግ ጥንታውያን አንዱ ነው። በጣራው እንጨት ላይ የአንበሳ፣ የዝሆንና የሌሎች አራዊት ምስል ተቀርጿል። በ1940 ዓ.ም. እንግሊዛዊው አርኪቴክት ደሪክ ማቲውስ ሕንፃውን አድሰውታል። ከዚያ በፊት በአምባው ላይ ከ100 የሚበልጡ የጥንት የህንድ ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች መገኘታቸው ቦታው ከሩቅ ዓለም ጋር ይገናኝ እንደነበረ ያሳያል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ገዳሙ ጉዳት እንደ ደረሰበት ስንሰማ ሁላችንም አዝነናል። አምባው ከግራኝ ዘመን ጦርነት ቢያመልጥም ከእኛ ዘመን ጦርነት አላመለጠም። ለገዳሙ መነኮሳትና ለአካባቢው ሕዝብ በጸሎትም በሚቻለንም ሁሉ ማሰብ ግዴታችን ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ የማለዳ ጕዞ ወደ ገዳማት መልካም ልማድ ሆኗል። ከጕዞው ስንመለስ ግን ስንት ሜትር እንደ ወጣን ብቻ ብናወራ ከአቡነ አረጋዊ ሕይወት ምንም አልተማርንም። በትምህርት ገበታ የቀደምን ለኋለኛው ገመድ እንሳብ። የደከመ ሲኖር ጠፍሩን ጠበቅ እናድርግለት። በታች የቆመውንም ከእኛ እንደ ተለየ አንቍጠረው፤ የእርሱ ጸሎት ይሆናል እኛን የሚያወጣን።

የጻድቁ አባታችን የአቡነ አረጋዊና የእናታቸው የቅድስት እድና በረከት አይለየን፤ አሜን።