ታማሚው ሲራመድ፦ የፕሮፌሰር ጌዮርጌ ማሪኔስኩ ሕይወትና ፊልሞች

ማሪኔስኩ የሚለው ስም ብዙዎቻችን ተማሪ ሳለን ለፈተና ከሸመደድናቸው ስሞች አንዱ ነው። ማሪኔስኮ-ሾግረን የሚባለውን ብርቅ በሽታ አንዴ አንብበን፣ ያው ከፈተናው በኋላ ረስተነዋል። የመዳፍ ሥር ሲጫር የአገጭ ጡንቻ የሚኮማተርበትን ሪፍሌክስ በ1920 ከራዶቪቺ ጋር የገለጹትም እኚሁ ሰው ናቸው። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ሊታወሱ የሚገባቸው በሌላ ሥራቸው ነው። የነርቭ ታማሚዎችን አረማመድ በፊልም ቀርጸው ለሳይንስ ጥናት ካዋሉት ሐኪሞች ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይቆማሉ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጌዮርጌ ማሪኔስኩ በ1863 በሮማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ተወለዱ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። እናትየው ልጄ ቄስ ይሆንልኛል ብለው መንፈሳዊ ትምህርት ቤት አስገቧቸው፤ የልጁ ልብ ግን ወደ ሕክምና አዘነበለ። በቡካሬስት ሕክምና እየተማሩ በታዋቂው የባክቴሪያ ሊቅ በቪክቶር ባቤሽ ሥር ሠሩ፣ ማይክሮስኮፕንም እዚያው ለመዱ። በ1889 በባቤሽ ድጋፍ ወደ ፓሪስ ሄደው ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ገቡ።

ሳልፔትሪየር ያን ጊዜ የዣን ማርቲን ሻርኮ ቤት ነበር። ሻርኮ ታማሚዎቻቸውን በተማሪዎች ፊት እያቀረቡ ያስተምሩ ነበር። ሆስፒታሉ የራሱ የፎቶግራፍ ክፍል ስለነበረው አልበርት ሎንድ የታማሚዎችን እንቅስቃሴ በተከታታይ ፎቶዎች ለመያዝ ይጥር ነበር። ወጣቱ ማሪኔስኩ እዚህ ሁለት ነገር ተማሩ፤ ታማሚውን በዓይን በደንብ ማየትን፣ ከሞት በኋላ ደግሞ አንጎሉን መርምሮ የታየውን ማረጋገጥን። በ1893 ከጓደኛቸው ከፖል ብሎክ ጋር ያወጡት ሥራ የዚህ ፍሬ ነው። በአንድ ወገኑ ብቻ የፓርኪንሰን ዓይነት መንቀጥቀጥ የነበረበት ሰው ሲሞት፣ በተቃራኒው ወገን ሰብስታንሺያ ናይግራ ላይ የቲቢ እባጭ ተገኘ። ኤዱዋር ብሪሶ ከዚህ ተነስተው የፓርኪንሰን መነሻ ይኸው ቦታ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ትሬቲያኮፍ ነገሩን በምርምር ያጠናከረው ግን በ1919 ነው።

ማሪኔስኩ ስምንት ዓመት ያህል በውጭ አገር ቆይተው በ1897 ወደ ቡካሬስት ተመለሱና በፓንቴሊሞን ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና ማስተማር ጀመሩ። ሲኒማ ያኔ ገና ጨቅላ ነበር። የሉሚየር ወንድማማቾች ፊልማቸውን በፓሪስ ለሕዝብ ያሳዩት በታኅሣሥ 1895 ነው፤ ቡካሬስት የደረሰው በ1896፣ እኛ አድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት መሆኑ ነው። ሕዝቡ ባቡር ጣቢያ ሲገባ በፊልም አይቶ ሲደነቅ፣ ማሪኔስኩ ለዚህ መሣሪያ ሌላ ሥራ አሰቡለት።

ከ1898 እስከ 1901 ባሉት ዓመታት ተከታታይ አጫጭር ፊልሞችን ሠሩ። የመጀመሪያው ግማሽ አካላቸው ሽባ የሆነባቸውን ሰዎች አረማመድ ያሳያል። ከዚያ የሁለት እግር ሽባነት፣ የአታክሲያና የጡንቻ በሽታዎች ተከተሉ። ታማሚዎቹ ከጥቁር መጋረጃ ፊት ይራመዳሉ፤ የጡንቻቸው ሥራ እንዲታይ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን አውልቀዋል። ማሪኔስኩ የፊልሙን ክፈፎች አንድ በአንድ አስነስተው በመስመር ሥዕል በማስቀዳት በ1899 በፈረንሳዩ የሕክምና ጋዜጣ በላ ሰሜን ሜዲካል አሳተሙ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የስትሮክ ታማሚ ሲራመድ የደከመው እግር ግማሽ ክብ እየሠራ መሬቱን እየጠረገ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ጉልበቱ በየትኛው ቅጽበት መታጠፍ ሲገባው እንዳልታጠፈ፣ ጤነኛው ወገን በምን ያህል እንዳካካሰለት ዓይን ብቻውን አይዘውም፤ እርምጃው ያልፋል። ፎቶግራፍ ደግሞ አንዷን ቅጽበት ያስቀርና እንቅስቃሴውን ይገድላል። ፊልም ግን ያለፈውን እርምጃ መልሶ ያመጣል፤ መምህሩም ተማሪውም ደጋግመው ያዩታል።

ከፊልሞቹ አንዱ ጥያቄ ያስነሳል። በ1899 የተሠራው የሂስቴሪያ ሽባነት ያለበትን ታማሚ ከሂፕኖሲስ በፊትና በኋላ ያሳያል። በፊልሙ ላይ ታማሚው ድኗል። ነገር ግን ፊልም የሚመሰክረው ለተቀረጸው ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከወር በኋላ ስለሆነው አይናገርም። ዛሬም በፊትና በኋላ እያሉ ቪዲዮ የሚያሳዩን ሰዎች ስላሉ ይህን መያዝ ጥሩ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ግን የታማሚዎቹ ነው። የማሪኔስኩ ስም በበሽታና በሪፍሌክስ ላይ ሲቀር፣ እነዚያ እርቃናቸውን የተራመዱ ሰዎች ለእኛ ስም የላቸውም። ዘመኑ በጽሑፍ ፈቃድ የሚጠየቅበት አልነበረም። መቶ ዓመት አልፎ በማያውቁት አገር ያለ ሐኪም እንደሚያያቸው ሊገምቱ አይችሉም ነበር። ከእነሱ ያገኘነው እውቀት እውነተኛ ነው፤ ዕዳውም እንደዚያው።

ማሪኔስኩ ከዚያ በኋላ ዋና ትኩረታቸውን ወደ ማይክሮስኮፑ መለሱ። በ1909 ስለ ነርቭ ሴል ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ መቅድሙን የጻፉለት ራሞን ካሃል ናቸው። በሰዎቹ እርምጃ ያዩትን ጉዳት በሴሉ ውስጥ እየፈለጉ፣ ትውልድ እያስተማሩ ኖሩ፤ በግንቦት 1938 በቡካሬስት አረፉ። በ1924 ኦጉስት ሉሚየር በደብዳቤ እነዚያን ሥራዎች ረስተዋቸው እንደነበር አምነው፣ በተከፈተው መንገድ የሄዱት ሳይንቲስቶች ጥቂት መሆናቸው እንደሚያሳዝናቸው ገልጸውላቸዋል። ፊልሞቹም ለብዙ ዓመታት ተረስተው ቆይተው በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ የሮማንያ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ አገኛቸው።

ውድ የሙያ ጓደኞቼ፣ ዛሬ በየዎርዱ ያለ ኢንተርን ኪስ ውስጥ ከሉሚየር መሣሪያ እጅግ የላቀ ካሜራ አለ። ማሪኔስኩ ለአንዲት ደቂቃ የማትሞላ ፊልም የደከሙትን ያህል መድከም አይጠበቅብንም፤ የሚጠበቅብን ሌላ ነው። ከመቅረጻችን በፊት ታማሚውን በሚገባው ቋንቋ እናስፈቅደው፤ እምቢ ካለ እምቢታውን እናክብር። ቪዲዮው ከማስተማሪያ ክፍል ወጥቶ ከስልክ ወደ ስልክ እንዳይዞር ኃላፊነቱ የቀራጩ ነው። አስተማሪ የሆናችሁ ደግሞ ይህን ነገር ከአረማመድ ምርመራ ጋር አንድ ላይ አስተምሩልን።

ኤም አር አይ ከማዘዛችን በፊትም ታማሚውን ከአልጋው አስነስተን እስከ በሩ ድረስ እናራምደው። ሰውዬው ሲራመድ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ያን ለማየት ደግሞ ካሜራም ወረፋም አያስፈልግም።